የምክር ዓምድ፦ እኔ ያልኩት አሰልጣኝ ተሾመ፣ ጋሼ ግን ተቀየሙኝ

ደብዳቤው

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። 27 ዓመቴ ነው። ፒያሳ አንድ የሞባይል ዕቃ መሸጫ ውስጥ ተቀጥሬ እሠራለሁ፤ ተወልጄ ያደግኩት ግን አራት ኪሎ ነው። ቅዳሜና እሁድ ከሰፈር ልጆች ጋር አንድ ዲኤስቲቪ ቤት ኳስ እናያለን። ከዚያ ቤት የማይቀሩ አንድ ጎረቤታችን አሉ። ጋሼ ነው የምላቸው። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ልጅ ሆኜ እጄን ይዘው፣ በቤተ መንግሥቱ በኩል ቁልቁል ወርደን፣ በፍልውሃ አድርገን፣ አዲስ አበባ ስታዲየም የወሰዱኝ እሳቸው ናቸው። ካታንጋ የሚባለው የስታዲየሙ መቀመጫ ገብቼ የመጀመሪያውን ጨዋታ ያየሁት በእሳቸው ትከሻ ላይ ሆኜ ነው።

ሰሞኑን የምንደግፈው የእንግሊዝ ክለብ አሰልጣኙን አባረረና ማን ይምጣ የሚል ክርክር ተነሳ። ጋሼ፣ ክለቡን የሚያውቅ፣ ማልያውን ለብሶ የተጫወተ ሰው ይምጣ አሉ። እኔ ደግሞ ወጣት፣ የራሱ አጨዋወት ያለው፣ ሌላ ሊግ ላይ ራሱን ያሳየ አሰልጣኝ ነው የሚያስፈልገን አልኩ። ሳምንታት ተከራከርን። አንድ ቅዳሜ ማታ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቶ፣ ጋሼ «አንተ ልጅ፣ ኳስ ከስልክ ላይ አይለቀምም» አሉኝ። ነደደኝ። «ጋሼ፣ የእርስዎ ጊዜ አልፏል። ኳሱ ጥሎዎት ሄዷል። ቤትዎ ቁጭ ብለው ሬዲዮ ያዳምጡ» አልኳቸው። ቤቱ በሳቅ አለቀ። ጋሼ ሻያቸውን ጨረሱ፣ የእሳቸውንም የእኔንም ሂሳብ ከፈሉና ወጡ።

ከዚያ ወዲህ አልመጡም። መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም ይሉኛል፣ ግን አይቆሙም። በመሀል ክለቡ እኔ ያልኩትን ሰው ሾመ። ጓደኞቼ «ትክክል የነበርከው አንተ ነህ፣ እርሳው» ይሉኛል። እናቴ ሽማግሌ ላክ ትላለች። ግራ ገብቶኛል። ይቅርታ ብጠይቅ በክርክሩም ተሸንፌአለሁ ማለት አይሆንብኝም? ደግሞስ ትክክል የነበርኩት እኔ አይደለሁም?

ከአራት ኪሎ

መልስ

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሳወጣው የክለቡንና የሁለቱን አሰልጣኞች ስም ሆን ብዬ አስቀርቻለሁ። ስማቸው ከተጻፈ ግማሹ አንባቢ ጋሼን ይረሳና ክርክሩን ካቆማችሁበት ይቀጥለዋል። ክለቡ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ክለብ መሆኑ ይበቃል።

ከመጨረሻው ጥያቄህ ልጀምር። እሱ ካልጠራ ሌላው አይጠራልህም። ትክክል የነበርኩት እኔ አይደለሁም ወይ ብለሃል። አይደለህም። ጋሼም አይደሉም። ክለቡ የአንተን ሰው ሾመ ማለት የክለቡ ሰዎች እንደ አንተ አሰቡ ማለት ብቻ ነው። የክለብ ሰዎች ደግሞ በዚህ ጉዳይ ስንት ጊዜ ተሳስተዋል።

ዴቪድ ሞይስን አስታውስ። በ2013 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) ሰር አሌክስ ፈርጉሰን ጡረታ ሲወጡ ተተኪያቸውን የመረጡት ራሳቸው ናቸው። ማንችስተር ዩናይትድን ከፈርጉሰን በላይ የሚያውቅ ሰው ከየት ይመጣል? ሞይስ የ6 ዓመት ውል ፈረመ። በሚያዝያ 2014 እ.ኤ.አ. ዓመት ሳይሞላው ተሰናበተ። ዩናይትድም 7ኛ ሆኖ ጨረሰ።

ክላውዲዮ ራኒየሪ ደግሞ በተቃራኒው። በ2014 የግሪክን ብሔራዊ ቡድን ይዞ፣ በገዛ ሜዳው፣ በፋሮ ደሴቶች 1 ለ 0 ተሸንፎ ተባረረ። የፋሮ ደሴቶች ሕዝብ በሙሉ ቢሰበሰብ አንድ የአዲስ አበባ ክፍለ ከተማ አይሞላም። በሚቀጥለው ዓመት ሌስተር ሲቲ ሲቀጥረው ስንቱ የኳስ አዋቂ ተሳለቀ። በ2016 ሌስተር የእንግሊዝ ሻምፒዮን ሆነ። ውድድሩ ሲጀመር አወራራጆች ለሌስተር የሰጡት ዋጋ 5000 ለ 1 ነበር። ዋንጫውን ባነሳ ዓመት ሳይሞላው ደግሞ ያው ክለብ ራኒየሪን አባረረው። እንግዲህ ትክክል የነበረው ማን ነው? ሲቀጠር የሳቀው ነው፣ ሲያሸንፍ የጨፈረው ነው፣ ወይስ ያባረረው?

አሁን ወደ ጋሼ ሐሳብ እንምጣ። የቤቱ ልጅ ይምጣ ነው ያሉት። ይህ የሽማግሌ ትዝታ ብቻ አይደለም። ባርሴሎና በ2008 የቀድሞ ተጫዋቹን ፔፕ ጓርዲዮላን ሲሾም ሰውየው ያሠለጠነው የክለቡን ሁለተኛ ቡድን ብቻ ነበር። በመጀመሪያ ዓመቱ ሦስቱንም ትልልቅ ዋንጫ ወሰደ። ሪያል ማድሪድ በ2016 የቀድሞ ተጫዋቹን ዚነዲን ዚዳንን እንዲሁ ከሁለተኛው ቡድን አምጥቶ ሾመው፤ ሦስት ተከታታይ የቻምፒየንስ ሊግ ዋንጫ መጣ። ስለዚህ ጋሼ ማስረጃ አላቸው።

አንተም ማስረጃ አለህ። ኦሌ ጉናር ሶልሻየር ለዩናይትድ የተጫወተ፣ በክለቡ ቤት የሚወደድ ሰው ነው። በጊዜያዊነት ገብቶ፣ ፓሪስ ላይ ፒኤስጂን አሸንፎ፣ በ2019 ቋሚ ሆነ። በ2020/21 ሁለተኛ ወጣ። ዋንጫ ግን ሳያነሳ በኅዳር 2021 እ.ኤ.አ. ሄደ። ፍራንክ ላምፓርድም ተጫዋች ሳለ ቼልሲ ቤት ንጉሥ ነበር። አሰልጣኝ ሆኖ ግን በጥር 2021 አባረሩትና ቶማስ ቱሄልን አመጡ፤ ያው ቡድን፣ ያው ተጫዋች፣ በዚያው ዓመት ግንቦት የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆነ። ሊቨርፑልም አለልህ። የርገን ክሎፕ በ2024 ሲለቅ ብዙው ደጋፊ የሚጠራው የዣቢ አሎንሶን ስም ነበር። አሎንሶ የክለቡ የቀድሞ ተጫዋች ነው፤ ጋሼ የሚፈልጉት ዓይነት ሰው። እሱ ግን ሌቨርኩሰን እቆያለሁ አለ። አርነ ስሎት ከሆላንድ መጣ፣ በመጀመሪያ ዓመቱ ሊጉን በላ።

ግን ደግሞ ሩበን አሞሪምን ተመልከት። አንተ በደብዳቤህ የዘረዘርከውን ሁሉ ያሟላ ሰው ነበር፤ ወጣት፣ የራሱ አጨዋወት ያለው፣ በፖርቱጋል ሊግ ሻምፒዮን የሆነ። በኅዳር 2024 እ.ኤ.አ. በውድድሩ መሀል ዩናይትድ ገባ። ለሌላ አሰልጣኝ አጨዋወት የተገዙ ተጫዋቾች አገኘ። በሦስት ተከላካይ ሊያጫውታቸው ሞከረ። ዩናይትድ ያን ዓመት 15ኛ ሆኖ ጨረሰ። ቢልባዎ ላይ የኢሮፓ ሊግን ፍጻሜ የተሸነፈውም በቶተንሃም ነው። ቶተንሃም ራሱ በሊጉ 17ኛ ነበር! ዋንጫውን ያመጣላቸውን አንጅ ፖስቴኮግሉንም ሦስት ሳምንት ሳይሞላ አሰናበቱት። ይህን ሁሉ አስቀድሜ አውቄ ነበር የሚል ሰው ካገኘህ ንገረኝ።

የአርቴታ ነገር ላይ ግን ትንሽ ልቆይ፤ የእናንተን ክርክር ከሁሉም በላይ የሚመስለው እሱ ነው። ሚኬል አርቴታ አርሰናል የተጫወተ፣ አምበል የነበረ ሰው ነው። ይህ ለጋሼ። ወጣት ነው፣ ከጓርዲዮላ ሥር ተምሮ የመጣ፣ አጨዋወቱን በቁጥርና በመስመር የሚያስብ። ይህ ለአንተ። በታኅሣሥ 2019 እ.ኤ.አ. ገባ። ኤፍኤ ካፕ በላ። ከዚያ ቡድኑ በሊጉ ሁለት ጊዜ ተከታትሎ 8ኛ ወጣ። በነሐሴ 2021 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጨዋታዎች ተሸነፈ፤ አንድም ጎል አላገባም፣ ማንችስተር ሲቲ 5 አገባበት፣ አርሰናል የሰንጠረዡ ግርጌ ላይ ተቀመጠ። ያን ሰሞን የማውቃቸው የአርሰናል ደጋፊዎች ሁሉ ይባረር ይሉ ነበር። በጣም የሚያከብሩት እንኳ «ጥሩ ልጅ ነው፣ ግን ገና ነው» ይሉ ነበር። ክለቡ ታገሰ። በ2022/23 ሁለተኛ ወጡ፣ በሚቀጥለው ዓመትም፣ በሌላውም።

በዚያ ነሐሴ አንተና ጋሼ ስለ አርቴታ ብትከራከሩ ኖሮ ሁለታችሁም ልክ አይደለም ብላችሁ ትስማሙ ነበር። ይህን አስብበት። ሁለት ኳስ የሚወዱ ሰዎች የሚስማሙበት ነገር እንኳ ስህተት ሊሆን ይችላል። እንግዲህ በማትስማሙበት ነገር ላይ ሰው የሚያዋርድ ምን አለ?

የማናየው ነገር ብዙ ነው። አሰልጣኝ ሲመረጥ እኛ ስሙን እናያለን። ከጀርባ ስፖርት ዳይሬክተሩ አለ፣ ለቀድሞ ክለቡ የሚከፈል የውል ማፍረሻ አለ፣ ረዳቶቼን ይዤ ካልመጣሁ የሚል ድርድር አለ፣ የትኛው ተጫዋች ይሸጣል የሚል አለ። ምናልባት ጋሼ ያሉት ሰው ተጠይቆ እምቢ ብሎ ሊሆን ይችላል። አንተ የአሸነፍክ መስሎህ ይሆናል እንጂ ውድድሩ እንኳ አልተካሄደም ይሆናል።

አሁን ስለ ጋሼ ልንገርህ። በደብዳቤህ ውስጥ አንድ ያልታየህ ነገር አለ። የቤቱ ልጅ ይሻላል የሚለውን ከእንግሊዝ ሊግ የተማሩት ይመስልሃል። አይመስለኝም። በእሳቸው ዕድሜ ያለ የካታንጋ ሰው ይህን ክርክር ሲከራከር የኖረው በገዛ ሀገሩ ቡድን ላይ ነው። የውጭ አሰልጣኝ ወይስ የሀገር ልጅ? ስታዲየም ዙሪያ፣ ላጋር፣ አምባሳደር በር ላይ፣ ሻይ ቤቱ ሁሉ ይህ ነበር ወሬው።

አሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ብሔራዊ ቡድናችንን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የመለሱበትን የ2013ቱን ጊዜ አንተም ትንሽ ልጅ ሆነህ ታስታውሰዋለህ። ከተማው እንዴት እንደነበር ታውቃለህ። በዚያው ዓመት ለዓለም ዋንጫ አንድ እርምጃ ቀርቶን ናይጄሪያ አቆመችን። በዓመቱ መጀመሪያ ከተማው በስማቸው ሲጨፍር የነበረው ሰውዬ በ2014 ተሰናበቱ። ማሪያኖ ባሬቶ ከፖርቱጋል መጡ፤ ትልቅ ተስፋ ተጣለባቸው፣ ለ2015 የአፍሪካ ዋንጫ ግን አላለፍንም፣ እሳቸውም ሄዱ። እንደገና ወደ አፍሪካ ዋንጫ የመለሰን ደግሞ ሌላ የሀገር ልጅ ነው፤ ውበቱ አባተ፣ በ2022 ካሜሩን ላይ ለተካሄደው።

ይህን ሁሉ ያየ ሰው «ቤቱን የሚያውቅ ሰው ይምጣ» ቢል የኖረበትን ነው የተናገረው። ልትቃወመው ትችላለህ። የእንግሊዝ ክለብና የእኛ ብሔራዊ ቡድን አንድ አይደሉም ብትላቸው ጥሩ ክርክር ነው፣ እኔም ከአንተ ጋር ልቆም እችላለሁ። ግን ሐሳባቸው ከየት እንደመጣ ጠይቀሃቸው ታውቃለህ? በደብዳቤህ ውስጥ አላየሁትም። እሳቸውም «ከስልክ ላይ» ሲሉ የአንተን ንባብ ማናናቃቸው ነው፣ ያ ጥፋት የእሳቸው ነው። አልሸፍነውም። ዛሬ ስለ አንድ አሰልጣኝ በስልኩ የሚያነብ ልጅ፣ ትናንት ስታዲየም በር ላይ የስፖርት ጋዜጣ ይገዛ ከነበረው ሰው በምን ያንሳል? ግን ሁለቱ ጥፋቶች አይተካከሉም። እሳቸው የነኩት የኳስ እውቀትህን ነው። አንተ የነካኸው እሳቸውን ነው።

ጡረታ የወጣ ሰው ቀኑ ረጅም ነው። ጠዋት የሚጠብቀው መሥሪያ ቤት የለም። ስልኩ ብዙ አይጮህም። እዚያ ዲኤስቲቪ ቤት ግን ወንበር አላቸው፤ ሰው «ጋሼ የት ቀሩ» ይላል፣ ጎል ሲገባ ወጣቱ ዞሮ እሳቸውን ያያል፣ ከጨዋታው በኋላ ምን ይላሉ ብሎ የሚጠብቅ አለ። አንተ ያን ሁሉ በአንድ ንግግር ወሰድክባቸው። ጊዜዎ አልፏል ማለት ለጡረተኛ የኳስ ክርክር አይደለም። ሌሊት አልጋው ላይ ራሱን የሚጠይቀውን ነገር ሰው ፊት ጮክ ብሎ መመለስ ነው። ከዚያ ደግሞ ቤቱ ሳቀ። አንተ ብትናገርና ቤቱ ዝም ቢል ኖሮ በማግስቱ ይመጡ ነበር ብዬ አምናለሁ። እሳቸውን ያስቀራቸው ሳቁ ነው። ትከሻቸው ላይ ያሳደጉት ልጅ ሙድ ሲይዝባቸው ሰፈሩ አብሮ ሳቀ።

ሂሳብህን የከፈሉት ነገር ደግሞ ከአእምሮዬ አልወጣም። ደብዳቤህን ደጋግሜ ሳነብ እዚያ ላይ ነው የምቆመው። ተዋርደው፣ ሰው እየሳቀባቸው፣ እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው የአንተንም ሻይ ከፈሉ። ብዙ ሰው በንዴት ወንበር ገፍቶ ይወጣል። እሳቸው የጋሼነታቸውን አደረጉ። እንዳልጠሉህ ከዚህ በላይ ማስረጃ አትፈልግ። አዝነዋል እንጂ አልጠሉህም። አሁንም መንገድ ላይ ሰላም የሚሉህ ለዚህ ነው። የማይቆሙት ደግሞ ቢቆሙ ነገሩን ማንሳት ስለሚመጣ ነው፣ መጀመሪያ ማንሳት ያለበት አንተ ነህ።

ስለዚህ ይቅርታ ጠይቅ። ክርክሩን መሸነፍ አይሆንም፣ ምክንያቱም ይቅርታ የምትጠይቀው ስለ አሰልጣኙ አይደለም። አሰልጣኙ ከይቅርታህ ውስጥ ጭራሽ አይገባም። ስሙን አታንሳ። ክለቡንም አታንሳ።

እንዴት ብትለኝ፣ ቤታቸው ሂድ። በስልክ አይሆንም። በቴሌግራም ጽሑፍ ጭራሽ አይሆንም፤ ለእሳቸው ዕድሜ ሰው የተጻፈ ይቅርታ ግማሽ ይቅርታ ነው፣ ለእኔም እንደዚያው ነው። ዲኤስቲቪ ቤት ጠብቄ እነግራቸዋለሁ ካልክም እየመጡ አይደለም። ጨዋታ በሌለበት ቀን፣ ከሥራ በፊት ጠዋት ወይም አመሻሽ ላይ ሂድ። ባዶ እጅህን አትሂድ። ግማሽ ኪሎ ቡና ወይም ትንሽ ፍራፍሬ ይበቃል። ከዚያ በላይ ከሆነ ዕቃው ይናገራል፣ አንተ ሳትናገር ትቀራለህ።

የእናትህን ሐሳብ አከብራለሁ፣ ግን ሽማግሌ አሁን አትላክ። ሽማግሌ የሚላከው በር ሲዘጋ ነው። እዚህ በሩ አልተዘጋም። ሦስት ሰው ነጠላ ለብሶ ደጃቸው ቢቆም ነገሩ ሰፈር ያውቀዋል፣ እሳቸውም በሰው ፊት «ኧረ ምንም የለም» ብለው ይሸኙታል። ያኔ ታርቀሃል ተብሎ ይጻፍልሃል፣ ልባቸው ግን እዚያው ነው። ብቻህን ሂድ። እናትህ መርዳት ከፈለገች ከዚያ በኋላ አንድ እሁድ ቡና ትጥራቸው።

ስትገባ አትዙር። ጨዋታ እያሞቅክ ግማሽ ሰዓት አትብላ። እንዲህ በላቸው፦ «ጋሼ፣ ያን ቀን ሰው ፊት ያልኩዎትን ነገር አስቤዋለሁ። ልልዎት አይገባም ነበር። አሳፈርኩዎት። ይቅርታ ያድርጉልኝ።» እዚህ ላይ ቁም። ተናድጄ ነው አትበል። እርስዎም እንዲህ ብለውኝ ነበር አትበል። ምክንያት የተጨመረበት ይቅርታ ክስ ይመስላል።

እሳቸው ምን እንደሚሉህ ከአሁኑ እነግርሃለሁ። «ተው ልጄ፣ ምንም አይደል፣ የኳስ ነገር ነው» ይሉሃል። አንተን ከማፈር ለማዳን ነው። አትቀበለው። «አይ ጋሼ፣ የኳስ ነገር አልነበረም» በላቸውና ዝም በል። የዚያን ጊዜ ወይ የሚሰማቸውን ይነግሩሃል፣ ወይ ዝም ብለው ያዩሃል፣ ወይ ቡና ይፈላ ይላሉ። ሦስቱም ጥሩ ነው። ብቻ ቢወቅሱህ እስከ መጨረሻው ስማ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ አንተ የረሳኸውን ሌላ ነገርም ሊያነሱብህ ይችላሉ።

ይህ ግማሹ ነው። የሰደብካቸው ሰው ፊት ስለሆነ ሌላው ግማሽ ሰው ፊት መሆን አለበት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ አደባባይ ላይ ያዋርድና ጓዳ ውስጥ ይታረቃል። እነዚያ የሳቁ ልጆች ጋሼን ሲያዩ አሁንም የሚያስታውሱት ያን ሳቅ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ዲኤስቲቪ ቤት ስትገባ፣ ጋሼ ሳይኖሩ፣ ለጓደኞችህ ንገራቸው። ንግግር አታድርግ። «ያን ቀን ለጋሼ ያልኩት ነገር ቀሽም ነበር፣ ሄጄ ይቅርታ ጠይቄአቸዋለሁ፣ ሲመጡ ማንም እንዳያነሳው» ብትል በቂ ነው። አንዱ «አንተ ደግሞ ተሸነፍክ» ይልሃል። ይበል። እርሳው የሚሉህ ጓደኞችህ ክፉ ሆነው አይደለም፣ አብረው ስለሳቁ ነው፤ ነገሩ ቢረሳ ለእነሱም ይቀላቸዋል።

የቤቱን ባለቤትም አነጋግረው። የጋሼ ወንበር የትኛው እንደሆነ ያውቃል። ጨዋታ ሲበዛ ቦታ ስለሚጠፋ ያችን ወንበር እንዲያቆይልህ ጠይቀው፣ መግቢያውን አንተ ክፈል። እሳቸው ቅዳሜ ካልመጡ አትጎትታቸው። ከዚያ ይልቅ ማለፊያ ላይ በራቸውን አንኳኩተህ «ጋሼ፣ እኔ እየሄድኩ ነው፣ አብረን እንውረድ?» በላቸው። ልጅ ሆነህ እሳቸው በርህ ላይ መጥተው የጠሩህን ያህል ባይሆንም፣ ጥቂት ጊዜ ሞክር። ካልፈለጉም መብታቸው ነው። ጨዋታው ሲያልቅ ተመልሰህ ውጤቱን ንገራቸው።

ከታረቃችሁ በኋላ ተከራከሩ እንጂ። ያለ ክርክር ኳስ ምን ጣዕም አለው! ጋሼም በየጨዋታው እሺ እሺ የምትላቸው ከሆነ የበለጠ ይከፋቸዋል፣ እንደ ታማሚ የያዝካቸው ይመስላቸዋል። በኃይል ተከራከር። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ሁለታችሁም አዲሱ አሰልጣኝ እስከ ገና ድረስ ምን ማድረግ አለበት የምትሉትን በወረቀት ጻፉ። ስንተኛ ደረጃ፣ የትኛው ወጣት ተጫዋች ቦታ ያገኛል፣ ተከላካዩ ምን ያህል ጎል ይገባበታል። ወረቀቱን የቤቱ ባለቤት ይያዘው። ያኔ የምትከራከሩበት ነገር የሚለካ ይሆናል። በየሳምንቱ ውጤት በተቀያየረ ቁጥር ሐሳብ መቀያየርም ይቀራል። ገንዘብ ግን አታስይዙበት። አሁን አሁን ከክርክሩ ሁሉ ጀርባ የውርርድ ወረቀት አለ፤ ሰው የክለቡን መሸነፍ ሳይሆን የብሩን መበላት ነው የሚናደደው፣ ንዴቱን ደግሞ አጠገቡ ባለው ሰው ላይ ይወጣዋል። አንተ አስይዘሃል አላልክም፣ እኔም አልጠረጥርህም። ቤቱ ውስጥ ከሚያስይዙት ጋር ግን አትቁጠረኝ በል።

የሐሳባቸውን ምንጭ ጠይቅም ብዬሃለሁ። ይህን ይቅርታ በጠየቅክ ዕለት አታድርገው፣ የተሸፋፈነ ክርክር ይመስላል። ሌላ ቀን፣ ጨዋታ እስኪጀመር ስትጠብቁ፣ ከማን አንሼና ጥላ ፎቅ የሚቀመጡት ከካታንጋው ሕዝብ ጋር እንዴት ይመላለሱ እንደነበር፣ አሰልጣኝ ሲቀየር ስታዲየሙ ምን ይል እንደነበር ጠይቃቸው። የምታነበው ነገር ላይ የማታገኘው ብዙ አለ። አንተ ደግሞ ያነበብከውን አሳያቸው። ስልክህን ዘርግተህ አንድ ቡድን ኳስ ሲነጠቅ እንዴት ተሯሩጦ እንደሚጫን ብታሳያቸው «ይህንን እኛም እናውቀዋለን» ሊሉህ ይችላሉ፣ ምናልባትም እውነታቸውን ነው።

የቀረው ቀኑን መምረጥ ነው፣ እዚህ ላይ አትዘግይ። አዲሱ አሰልጣኝ የመጀመሪያ ጨዋታውን ከማድረጉ በፊት ሂድ። ካሸነፈ በኋላ ብትሄድ ያሸነፈ ሰው ቸርነት ይመስላል። ከተሸነፈ በኋላ ብትሄድ ውጤቱ አስገድዶት መጣ ያስብላል፣ እሳቸውም በልባቸው እንዲያ ሊሉ ይችላሉ። አሁን ግን ማንም አላሸነፈም፣ ማንም አልተሸነፈም። ጨዋታው ቅዳሜ ከሆነ ሐሙስ ማታ ከሱቅ ስትወጣ በቀጥታ ወደ ጋሼ ቤት ሂድ።